ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰርቀው ሚዛን

ለወንድምዓለም ሚፍታህ ኢስሃቅ
ካርቱም

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምህ ወንድምዓለም? ሩቅያስ እንዴት ናት? ትንሹ ኢምራን ጥርሱ ወጣለት ወይስ ገና እናቱን በሌሊት እያስነሳ ነው? የካርቱም ሙቀትስ እንዴት አድርጓችኋል? ያ ራስ ምታትህ ለቀቀህ? ውሃ በደንብ ጠጣ፣ ፀሐይ ላይ ራስህን ሳትሸፍን አትውጣ። ታናሽ እህቴ አዘዘችኝ ብለህ እንዳትስቅ፤ ይህ የእማ ትእዛዝ ነው፣ እኔ ጻፊ የተባልሁትን ነው የጻፍሁት። የራሴን ትእዛዝ መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ።

እኛ አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነን። እማ ጉልበቴን ጉልበቴን ትላለች እንጂ ጎረቤት ለመዞር ሲሆን የሚቀድማት የለም። እኔም ፍኖተ ሰላም ማስተማሬን ይዣለሁ፤ ዘንድሮ ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ተማሪ አለኝ። አባባም ደህና ናቸው። ይህን ስጽፍልህ ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ብትጠይቀኝ ኖሮ አባባ ደህና ናቸው ብዬ አልጽፍልህም ነበር።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስያዘሽ ትለኝ ይሆናል። ጠባይህን አውቀዋለሁዋ! ስልክ ላይ ገና አንድ ነገር ስጀምር ‹‹ናጂሃ፣ አሳጥሪው›› ትለኛለህ። ይህን ነገር ደግሞ አላሳጥረውም። ስለዚህ ወደ መተማ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼ ሰድጄልሃለሁ፤ ቁጭ በልና አንብበው።

ነገሩ በጥር መጨረሻ ለአባባ የደወልህላቸው ስልክ ነው። እዚያ ያሉት የቡሬ ልጆች ‹‹ኢስሃቅ ገበሬ እየሰረቀ ነው፤ ማል ቢሉት አልምልም አለ›› ብለው ነገሩህ። አንተም ደወልህና ‹‹አባባ፣ እውነት ነው ወይ?›› አልሃቸው። አባባ ዘጉብህ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ አልተነጋገራችሁም። እማ በመካከላችሁ ሆና አንዴ ላንተ አንዴ ለሳቸው ስታለቅስ ከረመች። እኔም አንተን ለመውቀስ አልቸኮልሁም፤ ለምን እንዳልቸኮልሁ ኋላ ታየዋለህ።

የሆነው እንዲህ ነው። ያ ከመሄድህ በፊት ከአዲስ አበባ ገዝተህ ያመጣህላቸውን ዲጂታል ሚዛን ታስታውሰዋለህ፤ ጆንያ የሚጫንበት ሰፊ ብረት፣ ከሱ የሚቆም ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራው ሣጥን። አባባ ‹‹ልጄ የገዛልኝ›› እያሉ በርበሬ ተራ ላይ ሲኮሩበት ነው የኖሩት። ታኅሣሥ ላይ አብተው የሚባል ገበሬ፣ በለጠች የምትባለዋን ሚስቱን ይዞ፣ አንድ ጆንያ በርበሬ ቅዳሜ ገበያ አመጣ። አባባ ሚዛን ላይ አርባ አንድ ኪሎ አለ። ሰውየው ሰፈሩ ላይ አስመዝኖት ነበርና ጆንያውን ተሸክሞ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ወሰደው። አርባ ዘጠኝ!

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይላል? እያንዳንዱ እያስመዘነ ይመጣ ጀመር። የአንዳንዱ ልክ ይሆናል፣ የአንዳንዱ ስምንት ኪሎ ይጎድላል። የሚገርምህ፣ አንድም ቀን ጨምሮ አያውቅም። የተበላሸ ሚዛን አንዳንዴ እንኳ ለሻጩ ማድላት ነበረበት፤ ይህ ግን ሁልጊዜ የሚያደላው ለአባባ ነው። የሚዛን ተቆጣጣሪ ረቡዕ ቀን መጥቶ የብረት መመዘኛዎቹን ጫነበትና ልክ ነው ብሎ ሄደ። ቅዳሜ ደግሞ ያው ሆነ። በቃ፣ ሰዉ ‹‹ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያርመዋል፣ ገበያ ሲቆም ያጎድለዋል›› አለ። ሰዉን አልፈርድበትም፤ እኔም ገበሬ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከእኛም ከክርስቲያኑም ወገን ነበሩበት፤ ሰብሳቢው አቶ አምላኩ ናቸው፣ ያ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማው። ይማሉና ነገሩ ይዘጋ አሉ። አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹‹እጄን አላስገባሁበትም ብዬ እምላለሁ። ሚዛኑ ትክክል ነው ብዬ ግን አልምልም፤ ውስጡን አላየሁትማ!›› ከዚህ ሁሉ ንግግር ገበያው የሰማው ‹‹አልምልም›› የምትለዋን ብቻ ነው። ካርቱም ድረስ የደረሰችህም እሷው ናት። ሽማግሌዎቹ እስከ የካቲት አሥራ አራት ጊዜ ሰጧቸው፤ እስከዚያ ነገሩ ካልተገኘ ሃያ ስድስት ዓመት ከቆሙበት ከበርበሬ ተራ ይነሳሉ።

ማክሰኞ የካቲት አሥር ቀን ክፍል ውስጥ ሳለሁ ዘበኛው ‹‹አባትሽ በር ላይ ናቸው›› ብሎ ጠራኝ። አባባ ኮሌጃችን መጥተው አያውቁም። ብወጣ ሚዛኑን ሚኒባስ ላይ አስጭነው፣ ሣጥኑን ግን ከማንኩሳ ወዲህ ያለው መንገድ ያንገጫግጨዋል ብለው ጭናቸው ላይ አቅፈው ይዘውት መጥተዋል። አልተቀመጡም፣ ውሃም አልጠጡም። ‹‹የተማርሽው ለዚህ ከሆነ እስቲ ውስጡን እይልኝ›› አሉኝ።

አሁን ስለ መሣሪያዬ ልንገርህ፤ ደግሞ እንዳትዘለው። ሎጂክ አናላይዘር ይባላል። ክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ነገር ናት። በአንድ ጎኗ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፤ በሌላው ጎኗ ስምንት ባለቀለም ቀጫጭን ሽቦዎችና አንድ ጥቁር ሽቦ ይወጡላታል፤ በየሽቦው ጫፍ ጥቃቅን መንጠቆ አለ። መንጠቆውን የምትመረምረው ዕቃ መስመር ላይ ታስይዘዋለህ። መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲይዝ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው መስመር ትነሳለች፣ ሲለቅ ትተኛለች። ተነሳች ወይም ተኛች፣ ሌላ ወሬ የላትም። ለተማሪዎቼ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምጮህባቸው ሦስት ነገር ነው፤ ከመንካታችሁ በፊት ዕቃውን አጥፉት፣ አንዱ መንጠቆ ሁለት መስመር እንዳይነካ፣ ከሁሉም በፊት ጥቁሩን አስይዙ። ጥቁሩ መሬት የምንለው ነው። እሱ በደንብ ካልተያዘ የቀሩት ስምንቱ ከምን አንፃር ተነሳን፣ ከምን አንፃር ተኛን እንደሚሉ አያውቁትምና ይቀባጥራሉ።

የወርክሾፑ ኃላፊ ክንፈሚካኤል አብሮኝ ከፈተው። እውነቱን ልንገርህ፣ ገና ሳልከፍተው በሽታውን አውቄዋለሁ ብዬ ነበር። ከሚዛኑ አንጎል ወደ መጨረሻዋ ቁጥር የሚሄዱ አራት መስመሮች አሉ። አንዱ አንድ ይሸከማል፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ አራት፣ አንዱ ስምንት። ዘጠኝ ለመጻፍ የስምንቱና የአንዱ ይነሳሉ። የስምንቱ ቢሞት አንድ ይቀራል፤ አርባ ዘጠኝ የነበረው አርባ አንድ ይሆናል። ስምንትም ዜሮ ይሆናል፤ የቀሩት ቁጥሮች ግን ምንም አይሆኑም። ‹‹በግማሽ ሰዓት እጨርሰዋለሁ›› ብዬ ፎከርሁ።

ረቡዕ ጠዋት መሬቱን አስያዝሁ፤ ቀይ ሽቦ በአንዱ፣ ብርቱካናማ በሁለቱ፣ ቢጫ በአራቱ፣ አረንጓዴ በስምንቱ መስመር ላይ አደረግሁ። ክንፈሚካኤል ራሱ ወጣበት፤ ስልሳ ዘጠኝ ኪሎ። አረንጓዴዋ ቀጥ ብላ ተነሳች። ጫማውን አውልቆ ወጣ፤ ስልሳ ስምንት። አሁንም ተነሳች። ድንጋይ ጫንሁ፣ ብረት ጫንሁ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ... ሁሉም ልክ ነው። መስመሮቹ የታተሙበት ሰሌዳ ላይ ቀላ ያለ አቧራ ነበር፤ የበርበሬ ተራ አቧራ ነው ብዬ አለፍሁት። አንድ የሚታመም ነገር አላገኘሁበትም።

ያን ጊዜ ነው ወንድምዓለም፣ ያፈርሁበትን ነገር ያሰብሁት። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጎድለው በሰው እጅ ነው። ሚዛኑን ከአባባ ሌላ የሚነካው ደግሞ የለም። ወላሂ ያቺን ሰዓት አባታችንን ጠረጠርኋቸው። እዚያው አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ‹‹ተገኘ?›› እያሉ ሲያዩኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ምሳ ሰዓት ሆነ። ክንፈሚካኤል ጾም ነበርና ሁላችንም አንድ ትሪ ሽሮ አዘዝን፤ ‹‹ጾም እኮ ደግ ነው፣ ከእናንተ ጋር አብሮ ያስበላል›› ብሎ አባባን ለማሳቅ ሞከረ። መቼም ዝም ማለት አልችልበትምና አመለጠኝ። አባባ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሚዛኑን ማን ይነካዋል አልኋቸው። እኔ ብቻ አሉኝ። ምን ያደርጉታል አልኋቸው። አባባ እጃቸውን ከትሪው አነሱ። ዓይኔን አዩት። ለምን እንደጠየቅኋቸው ገባቸው ሚፍታህ፤ እንዴት እንዳዩኝ አልነግርህም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ‹‹አጥበዋለሁ›› አሉኝ።

አርብ አርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ያጥቡታል። የሰው ሐቅ ያረፈበት ዕቃ ነው፣ የባለፈውን ሳምንት አቧራ ይዞ የሚመጣውን ሰው በርበሬ መመዘን አልወድም አሉኝ። የድሮውን የብረት ሚዛን ሲያጥቡት አንተም እኔም አይተናል፤ ልጅ ሆነን ውሃ የምናቀብላቸው እኛ አልነበርንም? አዲሱንም ብረት ነው ብለው እንደ ብረቱ ያጥቡታል! ክንፈሚካኤልና እኔ ተያየን። ያ ቀይ አቧራ ዓይኔ ላይ መጣ። አሁኑኑ ውሃ እናፍስበትና እንየው አልሁ።

አባባ እምቢ አሉ። እዚህ ተዘግቶ የተገኘ ነገር ገበያ ላይ ተማክረው መጡ ያስብላል፤ ከታየም ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይታይ አሉ። ክንፈሚካኤል ወደ ውጭ ጠራኝና፣ ሳትሞክሪው ሰው ፊት ከፍተሽ ልክ ሆኖ ቢገኝ አባትሽን በገዛ እጅሽ ትጨርሻቸዋለሽ አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን እሺ አልሁ። ገና ልቤ አልጸዳም ነበርና፣ ቅዳሜ እውነቱን ራሴም ማየት ፈልጌ ነው። ክንፈሚካኤል ደግሞ የኮሌጁ ንብረት ብቻውን ከግቢ አይወጣም፣ እኔም አብሬው እመጣለሁ ብሎ ፈረመልኝ።

አርብ ቡሬ ነበርሁ። አባባ ከጁምዓ ሲመጡ ሚዛኑን ደጅ አወጡት። እያየኋቸው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ምንም አልቀየሩም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ እብሪቁን አነሱና ለራሳቸው ውዱእ እንደሚያደርጉት ዓይነት ጥንቃቄ ከላይ ከሣጥኑ ጀምረው ወደ ታች አጠቡት። የቁልፎቹ ላስቲክ አንድ ጎኑ ተቀዷል። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ሲገባ በዓይኔ አየሁት። አባባ ያቁሙ ልላቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ነገን አስቤ ዋጥሁት። እማ ጓዳ ገብቼ ስነፋረቅ አግኝታኝ ምን ሆንሽ ብትለኝ ሽንኩርት ነው አልኋት። ቤት ውስጥ አንድ ፍሬ ሽንኩርት አልነበረም።

ቅዳሜ ክንፈሚካኤል በመጀመሪያው ሚኒባስ መሣሪያውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይዞ ደረሰ። ከአባባ ሱቅ ጎን ሻይ የምትሸጠዋ ንግሥቴ ጠረጴዛዋን አዋሰችን። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሰው ከበበን። አብተው ጆንያውን ጫነው። አርባ አንድ። ‹‹ይኸው! ይኸው!›› ብሎ ገበያው ተነሳ። በለጠች እጇን አፏ ላይ ጭና አባባን አየቻቸው። አባባ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ደግሞ ልብ በል፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። በሽታው መጥቶልኛላ!

ሚዛኑን አጠፋሁ፣ ሣጥኑን ፈታሁ፣ ሽቦዎቹን አስያዝሁ፣ መልሼ አበራሁት። ኮምፒውተሩ ላይ ስምንቱም መስመር ይዘላሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዱ ካንዱ አይለይም። ‹‹ይቺ ደግሞ እስክስታ ታስመታቸዋለች እንዴ?›› አለች በለጠች፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ክንፈሚካኤል በዓይኑ ጥቁሩን ሽቦ አሳየኝ። የትም የማይረባ ነገር ላይ አስይዤዋለሁ፤ ቀለም የተቀባ ብሎን ላይ! ሃያ ስምንት ተማሪ ላይ የምጮህበትን ስህተት አባቴ በሚፈረድባቸው ቀን ራሴ ሠራሁት። ለተማሪዎቼ እንዳትነግርብኝ። ጥቁሩን ከብሎኑ አንስቼ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አስያዝሁት። መስመሮቹ ወዲያው ጸጥ አሉ።

ከዚያ አብተውን ራሱን ጠራሁት። ጋሽ አብተው፣ ይምጡና እርስዎ ያንብቡት አልሁት። ፊደል አልቆጠርሁም አለኝ፤ ፊደል የለበትም፣ የተነሳውንና የተኛውን ብቻ ይንገሩኝ አልሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ ቀይዋ ተነስታለች፣ ሰማያዊዋ ተነስታለች፣ አረንጓዴዋ ተኝታለች አለ። ሰማያዊዋን ሆን ብዬ የስምንቱ መስመር ከአንጎሉ የሚነሳበት ቦታ ላይ፣ አረንጓዴዋን ደግሞ መስመሩ ቁጥሩ ዘንድ የሚደርስበት ላይ ነበር ያስያዝኋቸው። ሚዛኑ አርባ ዘጠኝ ብሎ ተናግሯል፣ ስምንቱ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል አልኋቸው። ከኋላ አንዱ፣ ታዲያ መንገድ ላይ ያስቀረው ማነው አለ። ጥያቄው ይህ ነበር።

ሚዛኑን አጥፍቼ ሰሌዳውን ገለበጥሁት። ያ ረቡዕ ደረቅ አቧራ የነበረው አሁን ቀይ ጭቃ ሆኖ የስምንቱን መስመርና ከጎኑ ያለውን የመሬቱን መስመር አንድ ላይ ለጥፏቸዋል። አቶ አምላኩ በጣታቸው ነክተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ሦስት ጊዜ አስነጠሳቸው። ‹‹በርበሬ ነው!›› አሉ፣ ያ ድምፃቸው ገበያውን ሞላው። ውሃው ከየት መጣ ሲባል አባባ አርብ አርብ አጥበዋለሁ አሉ። አንዳንዱ አጉረመረመ። ይህን ጊዜ ንግሥቴ መቀነቷን አጥብቃ ብድግ አላለችም! አርብ አርብ እጣቢው ደጄን እያጨቀየ ከዚህ ሰውዬ ጋር የተጣላሁበት ዓመት ስንት ነው፤ ተው ቢሉት ሐቅ ነው ይላል፣ እኔ ቤት ውስጥ ጭቃ ይገባል፤ አያጥብም የሚል ካለ መጥቶ ደጄን ይጥረግልኝ አለች። አባባን ከዚያ በላይ ማንም ሊመሰክርላቸው አይችልም ነበር፤ እሷ ግን እስካሁን የከሰሰቻቸው ነው የሚመስላት።

ሰሌዳውን በስፒርትና በጥርስ ብሩሽ አጠብሁት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፣ መንጠቆዎቹን መልሼ አስያዝሁ፤ ጥቁሩን መጀመሪያ! አብተው ጆንያውን ጫነ። አረንጓዴዋ ተነሳች። ቀና ስል ቀዩ ቁጥር አርባ ዘጠኝ ይላል። ንግሥቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ብትል፣ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

አባባ ግን አልሳቁም። ወደ መሃል ወጡና እንዲህ አሉ፤ ‹‹ሰምታችኋል። እጄ አልወሰደም፣ ሚዛኔ ግን ወስዷል። ሰው ሲነግረኝ አቁሜ ማየት ነበረብኝ፤ በንጽሕናዬ ተመክቼ ስንት ቅዳሜ መዘንሁበት። የጎደለበት ሁሉ ይምጣ፣ እክሳለሁ። እናንተም አፉ በሉኝ።›› ነጻ ወጣ በተባለበት ደቂቃ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አይተን አናውቅም። አብተው ነው የቀደመው፤ ሚስቱን ሁለተኛውን ጆንያ አምጪው አላትና፣ ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይመዝኑልኝ አላቸው። አባባ ሣጥኑ ላይ የሚያበራውን ቁጥር ለማየት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

እንግዲህ ትእዛዜ ይኸው። ማታ እራት ላይ ስላንተ አነሳሁባቸው። ሚፍታህ ስለጠየቀዎት ነው የተቀየሙት አልኋቸው። ልጁ እውነቱን ነው፣ ሚዛኑ ወስዷል፤ እኔ ነኝ ጆሮውን የዘጋሁበት አሉ። ታዲያ ይደውሉለታ ስላቸው፣ አባት እንዴት አድርጎ ይጀምረዋል አሉኝ። ወንድምዓለም፣ አንተ ደውልላቸው፤ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ግን አታቀርቅር። አንተ የሰማኸውን ፊት ለፊት ጠየቅሃቸው። እኔ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሽሯቸውን እየበላሁ፣ ሳልጠይቅ ፈርጄባቸው ነበር። ያንተ ከእኔ ይሻላል። እሳቸውም ያውቁታል፤ በነጋታው ሲሸኙኝ ልክ እንደ ልጅነቴ ራሴን ዳብሰው፣ ‹‹መጠየቅሽ ነው ያወጣኝ›› አሉኝ። ይህን ለማንም አልነገርሁም፣ ላንተ ብቻ ነው።

እማ ከነሙሉ ምርቃቷ ሰላም ትልሃለች፤ ለኢምራን ያበጀችለትን ኮፍያ ይኸው መልእክተኛው ይዞታል፣ ለካርቱም ሙቀት ምን እንደሚያደርግ እሷን ጠይቃት። ለሩቅያ አንገቷን አቅፌ ስሜያታለሁ በልልኝ፤ የላከችልኝ ሽቶ ደርሶኛል። ኢምራንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። ንግሥቴ ‹‹ያን ልጅ፣ አባትህን ደጄን አታጨቅይ በልልኝ በይው›› ብላለች። ክንፈሚካኤልም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል።

አባባ አሁን የሚዛኑን ብረት ብቻ ነው የሚያጥቡት፤ ሣጥኑን በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉታል። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሲወለውሉት፣ ድሮ መደርደሪያ ላይ ይረሱት የነበረው ስልክ አሁን አጠገባቸው በርጩማ ላይ ነው። ሲጮህ ከማንሳታቸው በፊት ጨርቁን አስቀምጠው ቁጥሩን ያያሉ። የኢትዮጵያ ቁጥር ከሆነ ለእማ ያቀብሏታል። ከሱዳን የሚደወለው በምን እንደሚጀምር ደብተሬ ላይ አጽፈውኝ ወረቀቱን ቀድደው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል፤ ሁለት፣ አራት፣ ዘጠኝ።

እህትህ ናጂሃ ኢስሃቅ
ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 29 ቀን 2007 ዓ.ም.